አሸዋው ቤት ነው፦ ለባሕር አኳሪየም ወለል የትኛውን እንምረጥ?

ማታ መብራቱ ሊጠፋ አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው ወንበር ስቤ ከገንዳው ፊት እቀመጣለሁ። በግራ በኩል ካለው ድንጋይ ሥር ቢጫ ጎቢ የምትባል አንዲት ትንሽ ዓሣ ጭንቅላቷን ከጉድጓድ አውጥታ ዙሪያውን ታያለች። ከኋላዋ ፒስቶል ሽሪምፕ አሸዋውን በጥፍሮቹ እየገፋ ይወጣል፤ ደጁን እንደሚጠርግ ሰው። ዓይኑ ደካማ ነው። ስለዚህ በወጣ ቁጥር አንዱን ረጅም አንቴናውን ጎቢዋ ላይ ያሳርፋል። የሚያሰጋ ነገር ከመጣ እሷ ጅራቷን ፈጠን አድርጋ ትነቀንቃለች፣ እሱ ወዲያው ተመልሶ ይገባል። እሷ ዘብ ትቆማለች፣ እሱ ይቆፍራል፣ ቤቱ የጋራ ነው።

እንዲህ ያሉ ጥንዶች በቀይ ባሕርም ሞልተዋል። ኤይላት ያላችሁ መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ ይዛችሁ ብትገቡ፣ ከኮራሉ አጠገብ ባለው አሸዋማ ወለል ላይ ልታዩአቸው ትችላላችሁ። እኔ ግን የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ የማየውም 90 ሳንቲ ሜትር በምትረዝም ገንዳ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ያነጠፍኩላቸው አሸዋ ስህተት ነበር። ነጭና ሸካራ የተሰባበረ ኮራል ነው። ፎቶ ላይ ሲታይ ያምራል። ሽሪምፑ ሌሊቱን ሙሉ ይቆፍራል፤ ጠዋት ስነሳ ጉድጓዱ ተደርምሶ አገኘዋለሁ። በማግስቱም እንደዚያው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቤት አልባ አድርጌው ነበር፤ አሁንም ትዝ ሲለኝ ይከፋኛል። በመጨረሻ አሸዋውን በኩባያ እየቀዳሁ አውጥቼ በሌላ ቀየርኩት።

ከዚያ ወዲህ ሰው አሸዋ ምረጥልኝ ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ማን ሊኖርበት ነው?» ብዬ ነው። ቀለሙ፣ ዋጋው፣ የከረጢቱ ስም ከዚያ በኋላ ይመጣል። ከወለል ላይ ለሚኖር እንስሳ አሸዋ ጌጥ አይደለም። አልጋው ነው፣ ማዕዱ ነው፣ መደበቂያው ነው።

ውፍረቱ፦ ከዱቄት እስከ ክክ

ሱቅ ውስጥ በሚሊ ሜትር ይነግሯችኋል። እኔ ግን በእህል ነው የምለካው፤ ለእኛ ሰው ቶሎ ይገባል።

እንደ ዱቄት የላመው፣ ከሩብ ሚሊ ሜትር በታች የሆነው፣ ለመንካት እንደ ሐር ነው። የውሃ መግፊያው ፓምፕ ሲነሳ ግን አብሮ ይነሳል። ኮራል ላይ ያርፋል፣ መስታወት ላይ ይለጠፋል፣ ውሃው ጭጋግ ይመስላል። ውሃው በጣም ረጋ ያለ ገንዳ ካልሆነ በስተቀር ለብቻው አልመክረውም።

ጤፍ የሚያህለው፣ ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊ ሜትር፣ ለአብዛኛው የወለል ነዋሪ የሚስማማው ነው። ማታ ማታ አሸዋ ውስጥ ተቀብረው የሚያድሩ ዓሣዎች አሉ፤ ሃሊኮረስ የሚባለው ወገን ዋነኛው ነው። እንደ ቢጫው ሃሊኮረስ ክራይሰስ ያሉት መብራት ሊጠፋ ሲል በጭንቅላታቸው ተወርውረው ይገባሉ። ስለት ያለው ሸካራ ነገር ውስጥ እንዲህ ቢወረወሩ ቆዳቸው ይቧጨራል፣ ቁስሉም ያመረቅዛል። ዳይመንድ ጎቢም አሸዋውን በአፉ ዘግኖ፣ በውስጡ ያሉትን ደቃቅ እንስሳት ለቅሞ፣ ቀሪውን በስንጥባቱ በኩል ያፈሰዋል። ይህን ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ይውላል። ድንጋይ የመሰለ ፍሬ ብታቀርቡለት ምን ሊያደርገው ይችላል? ናሳሪየስ የሚባሉት ቀንድ አውጣዎችም እዚሁ ነው የሚመቻቸው። ተቀብረው ይውሉና መተንፈሻ ቱቧቸውን ብቻ እንደ ቀንድ ያወጣሉ። ምግብ ጠብ ሲል ከየቦታው አሸዋውን ሰንጥቀው ይወጣሉ፤ ልጆቼ ይህን ለማየት የምግብ ሰዓት ይጠብቃሉ።

ቅንጬ የሚያህለው፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር፣ ውሃው ኃይለኛ ለሆነ ገንዳ ነው። አይበንም። ቀንድ አውጣዎችና ኮንች የሚባለው ትልቅ የባሕር ቀንድ አውጣ አይጠሉትም። ዳይመንድ ጎቢ ግን ይቸገራል። ብዙ ኮራል፣ ብዙ ፓምፕ፣ ጥቂት የወለል እንስሳ ካላችሁ ጥሩ መካከለኛ ምርጫ ነው።

ክክ የሚያህለው፣ ከሁለት እስከ አምስት ሚሊ ሜትር፣ እኔን ያሳሳተኝ እሱ ነው። በፍሬዎቹ መሃል ክፍተቱ ሰፊ ስለሆነ የምግብ ትራፊና ኩስ ወደ ታች ይወርድና እዚያው ይበሰብሳል። በየሳምንቱ በቱቦ ካልተመጠጠ ናይትሬቱ፣ ማለትም ከብስባሹ የሚመጣው ብክለት፣ አይወርድም። ለብቻው ለወለል ነዋሪ አይሆንም። ከደቃቁ ጋር ሲቀላቀል ግን ትልቅ ጥቅም አለው፤ እሱን ወደ ታች አመጣዋለሁ።

ጥልቀቱ፦ ሁለት ጣት ወይስ አንድ ጡጫ?

ሰው በብዛት የሚከራከረው እዚህ ላይ ነው።

አሸዋ ጨርሶ አያስፈልግም የሚሉ አሉ። ለንጽሕና እውነታቸውን ነው፤ ባዶ መስታወት ለመጥረግ ይቀላል። ኮራል ብቻ ለሚያሳድግ ሰው ጥሩ ነው። እኛ የምናወራው ግን ወለል ላይ ስለሚኖሩት ስለሆነ ይህን አልፈዋለሁ።

ስስ የሚባለው ንጣፍ ከ2 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ነው። ሦስት ጣታችሁን አጋድማችሁ ብትለኩ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ትሆናለች። ለጀማሪ የምመክረው ይኼን ነው። ኦክስጅን ወደ አብዛኛው ክፍል ይዘልቃል፣ በውሃ ቅያሪ ጊዜ በቱቦ ለማጽዳት አያስቸግርም፣ ቢሳሳቱም ለማረም ቀላል ነው። ለሃሊኮረስ፣ ለዳይመንድ ጎቢና ለናሳሪየስ 5 ሳንቲ ሜትሩ ይበቃል። 2 ሳንቲ ሜትር ግን ለሚቀበር ዓሣ አይበቃም፤ ግማሽ አካሉ ውጭ ይቀራል። ዓሣው ትልቅ ከሆነ አንድ ጥግ ላይ ብቻ 7 ወይም 8 አድርጉት።

ጥልቁ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህ ሌላ ዓለም ነው። የላይኛው ክፍል ኦክስጅን አለው፤ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ከኩስና ከትራፊ የሚወጣውን መርዝ፣ አሞኒያን፣ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ። ከታች ኦክስጅን የለም። እዚያ ደግሞ ሌሎች ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይለውጡታል፣ ጋዙም አረፋ ሆኖ ይወጣል። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ዣን ዦበር በ1980ዎቹ ሞናኮ ውስጥ ይህን ሐሳብ ለየት ባለ መንገድ ሠርቶበታል፤ ከአሸዋው ሥር ውሃ ብቻ ያለበት ክፍት ቦታ ይተው ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ባለሙያ ሮን ሺሜክ ክፍተት የሌለውን፣ ደቃቅና በትላትል የተሞላውን ጥልቅ ንጣፍ በሰፊው አስተዋወቀ።

ጥልቁ ንጣፍ የሚሠራው ሕያው ከሆነ ብቻ ነው። ላይ ላዩን የሚያገላብጡት ትላትል፣ ኮፔፖድ የሚባሉት ሽሪምፕ መሰል ደቃቅ እንስሳትና ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ያስፈልጉታል። እነሱ ከሌሉ ይደርቅና እንደ ሲሚንቶ ይጋገራል። እስኪደላደል ወራት ይፈጃል። ታችኛውን ክፍል ደግሞ በፍጹም መቆፈር የለባችሁም። ኦክስጅን በሌለበት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሊጠራቀም ይችላል። የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ ለዓሣም መርዝ ነው። ሌላው ነገር፣ ከጥልቅ ንጣፍ ጋር ዳይመንድ ጎቢን አታጣምሩ። ንጣፉን ሕያው የሚያደርጉትን ደቃቅ እንስሳት ለቅሞ ይጨርሳቸዋል፤ አሸዋውም እሱም ይራባሉ።

ጥልቀት የግድ የሚለው እንስሳ ጆፊሽ የሚባለው ዓሣ ነው። ከፍሎሪዳና ከካሪቢያን የሚመጣው ቢጫ ራስ ጆፊሽ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርድ ጉድጓድ ይቆፍራል። ግድግዳውን በስብርባሪ ድንጋይና በዛጎል አንድ በአንድ ይደረድራል፤ ግንበኛ ነው። በትንሹ 10፣ ቢቻል 15 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋል። ጥልቀት ካጣ ይጨነቃል። የተጨነቀ ጆፊሽ ደግሞ ይዘላል። ክዳን የሌለው ገንዳ ከሆነ ጠዋት መሬት ላይ ነው የምታገኙት።

በ6 እና በ9 ሳንቲ ሜትር መሃል ያለውን ለሙሉው ወለል አልወደውም። ናይትሬት ለማጥፋት ያንሳል፣ ለማጽዳት ይበዛል። አንድ ጥግ ላይ ብቻ ሲሆን ግን ችግር የለውም።

ሌላው ነገር ክብደት ነው፤ በተለይ ፎቅ ላይ ለምንከራይ ሰዎች። የኔ ገንዳ ወለል 90 በ45 ሳንቲ ሜትር ነው። 5 ሳንቲ ሜትር ሲነጠፍ 20 ሊትር አሸዋ ይይዛል። አንድ ሊትር ደረቅ አሸዋ በግምት አንድ ኪሎ ተኩል ስለሚመዝን 30 ኪሎ መሆኑ ነው። 12 ሳንቲ ሜትር ካደረጋችሁት ግን ከ70 ኪሎ ያልፋል። ከ45 ሳንቲ ሜትር ቁመት ላይም ከሩብ በላዩን አሸዋ ይወስደዋል። ዓሣው የሚዋኝበት ቦታ ያንሳል። ስሌቱ ቀላል ስለሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ሥሩት፦ ርዝመት ሲባዛ በስፋት ሲባዛ በጥልቀት፣ ለ1,000 ማካፈል፣ ከዚያ በ1.5 ማባዛት።

ለጥልቀት አንድ መላ አለ፤ እኔ በጣም እወደዋለሁ። ሙሉውን ወለል ጥልቅ ከማድረግ ይልቅ 15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የፕላስቲክ የምግብ ዕቃ በአሸዋ ሞልቶ ከድንጋይ ኋላ ማስቀመጥ ነው። ጆፊሹ እዚያ ይሰፍራል፣ ቀሪው ወለል ስስ ሆኖ ይቀራል። ወለሉ ባዶ የሆነ ሰውም ሃሊኮረስ ለማሳደግ ይህንኑ ማድረግ ይችላል። ዓሣው ማታ ማታ ዕቃውን ፈልጎ ይገባበታል።

ከምን የተሠራ?

አራጎናይት የምንለው ከኮራልና ከዛጎል የሚመጣ የካልሲየም ካርቦኔት አሸዋ ነው። ነጣ ያለ ነው፣ ፍሬው ድቡልቡል ያለ ይሆናል፣ ከባሕሩ ተፈጥሮ ጋር ይሄዳል። እኔም የምጠቀመው እሱን ነው። ሻጮች ግን አንድ ነገር ያጋንናሉ፤ ፒኤች፣ ማለትም የውሃውን የአሲድነት ልክ፣ ይጠብቅላችኋል ይላሉ። ፒኤች ከ8 በላይ በሆነ ጤናማ ገንዳ ውስጥ አራጎናይት ይህ ነው በሚባል መጠን አይሟሟም። አልካሊኒቲያችሁን (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙን) እየለካችሁ በውሃ ቅያሪና በማሟያ ጠብቁት እንጂ አሸዋው ላይ አትጣሉት።

የሲሊካ አሸዋ ርካሽ ነው። ልጆች የሚጫወቱበት ተብሎ በትልልቅ ከረጢት የሚሸጠው በብዛት እሱ ነው። ቡናማ ዝቃጭ ያመጣል እየተባለ ስሙ ጠፍቷል። ያ ቡናማ ነገር ዳያተም የሚባል ደቃቅ አልጌ ነው፤ አዲስ ገንዳ ላይ አራጎናይትም ተነጥፎ ይመጣል፣ ከሳምንታት በኋላም ይሄዳል። እኔ ሲሊካን የማልመርጠው ፍሬው አንዳንዴ ስለታማ ስለሚሆን ነው። በጣታችሁ መሃል አድርጋችሁ እሹት። ከቧጠጣችሁ ለሚቀበር ዓሣ አታንጥፉት።

ጥቁር አሸዋ ላይ ቢጫ ዓሣ በጣም ያምራል። ግን ከመግዛታችሁ በፊት ማግኔት አስጠጉበት። አንዳንዱ ብረት ስላለበት ከመስታወት ማጽጃው ማግኔት ጋር ይጣበቅና መስታወቱን ይሰነጥረዋል።

ከባሕር ዳርቻ ማፈስስ? ዱባይና ጅዳ ያላችሁ ባሕሩ ደጃችሁ ላይ ስለሆነ ይህ ሐሳብ እንደሚመጣባችሁ አውቃለሁ። ተዉት። ሰው የሚበዛበት ዳርቻ ዘይትና ቆሻሻ አለበት፣ በብዙ ቦታም ያለፈቃድ መውሰድ ክልክል ነው። አዲስ አበባ ላላችሁም የግንባታ አሸዋ አይሆንም። አፈር ይበዛበታል፣ ምን እንዳለበትም አይታወቅም። የያዛችሁት አሸዋ ካርቦኔት መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት። አራጎናይት ወዲያው አረፋ ያወጣል፣ ሲሊካ ዝም ይላል።

ሕያው ወይስ ደረቅ?

ላይቭ ሳንድ ተብሎ እርጥብ ሆኖ በከረጢት የሚሸጠው ባክቴሪያ አለው። ትላትልና ኮፔፖድ ግን የለውም፤ የታሸገ ከረጢት ውስጥ ሊኖሩ አይችሉም። ገንዳውን ቶሎ ለማስጀመር ይረዳል፣ ዋጋውም ወደድ ይላል። ደረቁ ርካሽ ነው፣ በደንብ ይታጠባል፣ ባክቴሪያውም በጊዜው ራሱ ይመጣል። እኔ ደረቁን ገዝቼ፣ ከምተማመንበት ጓደኛ ገንዳ አንድ ኩባያ ሕያው አሸዋ እጨምርበታለሁ። ያች አንድ ኩባያ ከማንኛውም ከረጢት ትበልጣለች። ጓደኛችሁ ገንዳ ውስጥ የማትፈልጉት ተባይ ካለ ግን አብሮ እንደሚመጣ እወቁ።

ደረቁን ውሃው ጥርት እስኪል እጠቡት። ላይቭ ሳንዱን አትጠቡት።

ስለሚራቡት

ይህን ክፍል ያለፈ ሰው እንስሳ ይገድላል፤ ስለዚህ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

አሸዋ የሚያጸዳ ተብሎ የሚሸጥ የባሕር ኮከብ አለ፤ አስትሮፔክተን ይባላል። አሸዋ ውስጥ ገብቶ ሲንሸራተት ማየት ያስደስታል። እኔም ሻጩ ላለህ ገንዳ ይሆናል ስላለኝ ገዛሁት። የሚበላው ግን ቆሻሻ አይደለም። በአሸዋው ውስጥ ያሉትን ሕያው ደቃቅ እንስሳት ነው። 180 ሊትር በማትሞላ ገንዳ ውስጥ እነሱን በወራት ይጨርሳል። ከዚያ ክንዱ ከጫፉ መመናመን ይጀምራል። የኔው አምስተኛ ወሩ ላይ ሞተ። ከእሱ ጋር አሸዋዬም ሞተ ማለት ይቻላል፤ በመስታወቱ በኩል የሚታዩኝ የነበሩት የትል መንገዶች ሁሉ ጠፍተው ነበር። ለትንሽ ገንዳ ይህን እንስሳ አትግዙ።

ዳይመንድ ጎቢም ቢሆን አዲስ ገንዳ ውስጥ አይገባም። አሸዋው ቢያንስ ስድስት ወር ይቆይ፣ ነፍሳት ያፍራ። ከገባ በኋላም ሆዱን ተመልከቱ። ሆዱ ገባ ካለ እየተራበ ነው። ማይሲስ የሚባለውን ደቃቅ ሽሪምፕ አሸዋው አጠገብ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ስጡት። ያለዚያ አሸዋው ነጭ ሆኖ ይታያችኋል፣ እሱ ግን ይከሳል።

ኮንችና ናሳሪየስ በዚህ በኩል ይቀላሉ። ኮንቹ ከአሸዋው ላይ አልጌ ይግጣል፣ ናሳሪየስ የተረፈ ሥጋ ይለቅማል። አልጌ ይበላልናል ብላችሁ ናሳሪየስ አትግዙ፤ አይበላም።

ሲነጠፍ

ድንጋዩ ይቀድማል፣ አሸዋው ይከተላል። ድንጋዩ የገንዳውን ወለል ራሱን መንካት አለበት። አሸዋ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ሥሩ ሲቆፈር ይንሸራተታል፤ እንስሳውን ይደፈጥጠዋል፣ መስታወቱንም ሊሰብር ይችላል። ፒስቶል ሽሪምፕ ድንጋይ ሥር መቆፈር ስለሚወድ ይህ አይቀርም ብላችሁ ሥሩ። ውሃ ስትሞሉ አሸዋው ላይ ሳህን አስቀምጣችሁ ሳህኑ ላይ አፍስሱ። ውሃው ቢደፈርስ አትደንግጡ፤ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ይጠራል። ከዚያ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ እስኪሆኑ መጠበቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል።

ቤት ስትቀይሩ ደግሞ የቆየ አሸዋ እንዳለ ይዛችሁ ሄዳችሁ አታፍስሱ። ለዓመታት የተጠራቀመው ሁሉ ባንድ ጊዜ ውሃው ውስጥ ይለቀቃል። ወይ በደንብ እጠቡት፣ ወይ አዲስ አንጥፋችሁ ከላይኛው ሽፋን ጥቂት ኩባያ ብቻ ለዘር ውሰዱ።

የኔ ምርጫ

አሁን ያለኝ አነጣጠፍ እንዲህ ነው። በቀኝ በኩል 5 ሳንቲ ሜትር ጤፍ የሚያህል አራጎናይት ብቻ ነው፤ ሃሊኮረሱ የሚያድረው እዚያ ነው። ወደ ግራ እየሄደ ከፍ ይልና ጥጉ ላይ 9 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ጥጉ ላይ ያለው ቅልቅል ነው፤ ሦስት እጅ ጤፉ፣ አንድ እጅ ያ ያሳሳተኝ ክክ መሳይ ኮራል፣ ጥቂት የዛጎል ስብርባሪም አለበት። ለብቻው አልሆን ያለው ሸካራ ነገር ከደቃቁ ጋር ሲገናኝ ማገር ሆነ። ሽሪምፑ ትልልቁን ፍሬ እየለየ ጣሪያውን ይደግፍበታል፣ ደቃቁን ወደ ውጭ ይገፋል።

በየጥቂት ቀኑ በሩን ይቀይራል። በዚህ ሳምንት የከፈተው ፊት ለፊት፣ መስታወቱን ተጠግቶ ነው። ስለዚህ ከውስጥ ያለው ክፍል ይታየኛል። ጎቢዋ ከታች ተጋድማለች፣ እሱ ደግሞ አንዲት የዛጎል ስባሪ ተሸክሞ ከጣሪያው ሥር የሚሰካበትን ቦታ ይፈልጋል።